የመንገድ እንጀራ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ደወለችልኝ። ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቶ ልጆቿ ቤት ውለዋል፤ እሷ ደግሞ ከቢሮ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። «እማዬ፣ ቶሎ የሚደርስ፣ እሳት የማያስፈልገው፣ ልጆቹ ራሳቸው አንስተው የሚበሉት ነገር እስቲ ንገሪኝ። ደግሞ የማይሰለቻቸው ይሁን» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ምግብ ያገኘ ሰው ካለ ለእኔም ቢነግረኝ ደስታዬ ነው። ቢሆንም እናት ነኝና ከማውቀው ጀመርኩላት። በሶውን በስኳር ጨብጠሽ አስቀምጭላቸው፣ ሽምብራውን ከለውዝ ጋር ቁዪላቸው፣ ቅንጬውን ጠዋት ሠርተሽ ከድነሽ ሂጂ እያልኩ ቆየሁና ድርቆሽ ላይ ስደርስ ሳቀች። «እሱንማ ገዝቻለሁ። በላስቲክ ታሽጎ ሱቅ ይሸጥ የለ እንዴ?» አለችኝ።

እኔ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ወጣ ብዬ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ገባሁና አየሁት። እውነትም ድርቆሽ ነው፤ አንድ ዓይነት ሆኖ ተቆርጦ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ከማካሮኒው አጠገብ ተደርድሯል። አንዱን አንስቼ በጣቶቼ ስጫነው ኮሽ አለ። ሻጯ ልጅ «እትዬ፣ ይወስዱታል ወይስ ልመልሰው?» ባትለኝ ኖሮ ከዚያ ቆሜ እውል ነበር። እኔ ልቤ ኮኪት ነበር።

ኮኪት መተማ ዮሐንስ ሳይደርሱ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በእኔ ልጅነት፣ በደርግ ጊዜ፣ ከአንድ ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ የተሠለፉ የሣርና የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ እንጂ ከተማ ለማለት እንኳ የሚያስደፍር አልነበረም። አባቴ ባዬ ከሳንጃ በኩል ነው የመጣው። ቆላ የወረደው እንደ ሌላው ሁሉ ሰሊጥ ብሎ ነው። መሬት ለገበሬ ማኅበር አባላት ሲታደል እሱም ድርሻውን አገኘ፤ ጥቁር ዋልካ፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው፣ በክረምት ደግሞ ጫማ አውልቆ የሚያስቀር መሬት።

ሰሊጥን የማያውቅ ሰው ሲያብብ አይቶ ያደንቀዋል። ሲበቅል ግን ሰነፍ ነው። አረሙ በዝናቡ ደስ ብሎት ሲፈነጭ ሰሊጡ ከመሬት ቀና ለማለት ያመነታል። በሐምሌና በነሐሴ ቶሎ ካልደረሱለት አረሙ ውጦት ያድርና የዓመቱ ልፋት ለከብት ሣር ይሆናል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ቤት የሚውል ሰው የለም። ሴቱም ወንዱም፣ መምህሩም ሳይቀር፣ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነው የሚውለው።

ታዲያ በዚያ ጥድፊያ ቤተሰብ የሚመገበው እንዴት ነው? ልጄ የጠየቀችኝን ጥያቄ እናቴ ጥሩወርቅ በየዓመቱ ትመልሰው ነበር። ጎህ ሲቀድ የማሽላና የአደንጓሬ ንፍሮ ትጥዳለች፤ እሱ በሰፌድ ሆኖ ቀኑን ሙሉ እየተዘገነ ይበላል። ስልጆ በገንቦ አስቀድማ ስለምታስቀምጥ እሳት አይፈልግም፤ ከአንድ ቃሪያ ጋር ከሆነ ምሳ ነው። ወንድሞቼ እንዳያስቸግሯት ሰሊጥ ቆልታ ከስኳር ጋር ወቅጣ ድብልብል ትሠራላቸዋለች። ከሱዳን በኩል የመጣ የከርከዴ አበባ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋ ታሳድርና ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቀናል። ተምር ከተገኘማ በዓል ነው። ከልጅነቴ ምግቦች አሁንም አፌ ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፤ የድግሱን ወጥ ረስቼዋለሁ።

ያኔ ሰው ቀጥሮ ማሳረስና ማሳረም በአዋጅ ተከልክሎ ነበር። ሰው ግን ከጎጃምም ከወሎም ለሥራ መውረዱን አላቆመም። ምን ተደረገ? የወረደው ሁሉ «ዘመድ» ተባለ። ካድሬ መጥቶ «ይህ ማነው?» ሲል «የአጎቴ ልጅ ነው» ይባላል። በክረምት ኮኪት ውስጥ ያልተዛመደ ሰው አልነበረም። አባቴ ግን ዘመድ የሚያበዛበት አቅም ስላልነበረው የእኛ አረም የሚወጣው በደቦ ነበር።

የደቦ ደንብ ቀላል ነው፤ የጠራ ያበላል። ሳያበላ የሸኘ ሰው ደቦው እንደ ደቦ አይቆጠርለትም። ማንም ቂም ይዞ አይሰድበውም፤ በሚቀጥለው ሲጠራ ግን አንዱ አሞኛል ይላል፣ ሌላው ከብት ጠፍቶብኛል ይላል፣ ማሳው ላይ ብቻውን ይቆማል።

አሁን የእኔን ጉዳይ ልናገር። ኮኪት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበራትም። እኔ ዘጠነኛን ጎንደር ከተማ ቤት ተከራይቼ ተምሬ፣ አልፌ፣ ለክረምቱ ነበር የመጣሁት። ከቆላ ወጥቶ ጎንደር የሚማር ልጅ የሚበላውን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል። ገበያ ገዝቶ የሚበላበት ገንዘብ የለውም። አባቴ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነግሮኝ ነበር። «ስንቅሽ ከሞላ ትሄጃለሽ። ካልሞላ ግን ጦም እንድታድሪ አልሰድሽም» ብሎኛል።

ስንቄም ሞልቶ ነበር። እናቴ በሚያዝያ ፀሐይ አንድ ጆንያ ድርቆሽ አድርቃልኛለች። የትራፊ አይደለም፤ ሆን ብላ ስስ አድርጋ ጋግራ፣ ሳይጎመዝዝ አንስታ፣ በእኩል በእኩል ቆርጣ፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳበት ያደረቀችው ነው። አይጥና እርጥበት እንዳያገኘው አፉን በገመድ ቋጥራ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ሰቀለችው። በክረምት እንዲህ ያለ ድርቆሽ አይሠራም፤ ፀሐይ የለ፣ ደረቅ እንጨት የለ። ማታ ማታ ተኝቼ ወደ ላይ ሳይ ጆንያው ይታየኛል፤ ዐሥረኛ ክፍል ማለት ለእኔ እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት ፍልሰታና ረመዳን ተገናኙ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ክርስቲያኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ሙስሊሙ ፀሐይ እስክትገባ ውኃም አይጠጣም። አረሙ ግን የማንንም ጾም አያውቅም፤ ይበቅላል። በዚህ መሀል እናቴን ወባ ጣላት። ከኮኪት ጤና ጣቢያ ክኒን ተሰጥቷት ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኛች፤ ቤቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

አባቴ በዚህ ጊዜ ነው ብልሃቱን ያመጣው። አንድ ማታ እናቴ አጠገብ ተቀምጦ፣ ፊቱ እንደ ፈካ፣ «ደቦውን በዚህ ሳምንት እጠራለሁ» አላት።

«እኔ እንዲህ ወድቄ? ማን ሊያበላ?»

«ማን ይበላል? ክርስቲያኑ ጾመኛ፣ እስላሙ ጾመኛ። በማለዳ ይገባሉ፣ ቀትር ላይ ‹አላደክማችሁም፣ ግቡ› ብዬ እሸኛቸዋለሁ። ምሳም የለ፣ ጠላም የለ። እንዲህ ያለ ጊዜ ከየት ይገኛል?»

እናቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ጾመኛ ሆድ የለውም ያለህ ማን ነው?» አለችው።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንፉግም አልነበረም። አንዳንድ ጊዜ ብቻ ከራሱ ጋር ይማከርና ራሱን ያደንቃል። ያን ዕለት ማታም እያፏጨ ነው የተኛው።

የደቦው ቀን ደረሰ። ከማለዳው ጀምሮ እየካፋ ነበር። ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቦ ማሳ ገባ። ከመካከላቸው ጎረቤታችን እትዬ ከልቱም ከልጆቿ ጋር ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ ወይካና ከርከዴ የምትሸጥ፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ያደገች ሴት ናት። ወይካ የሚባለው ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ሆኖ ስትቸኩል ብቻ ዐረብኛ ይቀላቀልበታል። አንድ ምኒችል የሚባል የጎጃም ሰው ደግሞ ነበር፤ ሌላ ጎረቤታችን ዘንድ በዚያ ክረምት «የተዛመደ»፣ ሥራ ላይ ዘፈን የማያቋርጥ ጎልማሳ።

እኔ ቤት ነበርኩ፤ እናቴን ውኃ አጠጣለሁ፣ ወንድሞቼን ንፍሮ አበላለሁ። ማሳ ላይ የሆነውን ኋላ ከአባቴ ነው የሰማሁት። ቀትር ላይ፣ ማሳው እኩሌታው ታርሞ ሳለ፣ እንዳሰበው «በሉ እንግዲህ፣ ጾም ላይ ናችሁ፣ ግቡ» አላቸው። ማንም ቀና አላለም። ቀኑ ደመና ነው፣ አያቃጥልም፤ ሙስሊሞቹ «ቤት ገብተን ፀሐይዋን ስንጠብቅ ከምንውል ሥራው ቢይዘን ይሻላል» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አባቴ ዳግመኛ ሞከረ፤ ክርስቲያኖቹን «እናንተስ እህል መቅመሻችሁ ደርሷል፣ ቤታችሁ ግቡ» አላቸው። ምኒችል ዘፈኑን አቋርጦ መለሰለት።

«ይተዉ እንጂ አያ ባዬ! እነ እትዬ ከልቱም ሳይቀምሱ እኛ ምን ብለን እንጎርሳለን? እንዲያው አብረን እናመሽና፣ እርስዎ ቤት አንድ ላይ እንቀምሳለን።»

ሁሉም «ሸጋ ተናገርክ» አሉት። አባቴ ምን ይበል? «እንዴታ!» አለና ቤቱን ላሰናዳ ብሎ ሮጠ።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። «ይመጣሉ» አለ።

«ማን?» አልኩት።

«ሁሉም።»

ቤት ውስጥ ምን አለ? ሊጥ የለም፤ እናቴ ከታመመች ወዲህ አልተቦካም። ዱቄቱ ለራሳችን የሚበቃው ነው። እንጨቱ ረጥቦ የሚያጨሰው ጭስ ብቻ ነው። ማሳው ደግሞ ገና እኩሌታው ቀርቷል። ዛሬ ሳይበሉ ከሄዱ ለቀሪው አይመጡም፤ ካልመጡ ሰሊጡ የለም፤ ሰሊጡ ከሌለ የቤት ኪራዬም ደብተሬም የለም። ይህን አባቴም እኔም በልባችን አሰብን።

እናቴ ክንዷን ተደግፋ ቀና አለች። ፊቷ በላብ ርሷል። በአገጭዋ ወደ ላይ አመለከተችና «አውርጂው» አለችኝ።

ያልሰማሁ መሰልኩ።

«ጆንያውን አውርጂው፣ እሱን ይበሉ።»

አባቴ እንኳ ደነገጠ። «እሱማ የልጅቱ ነው» አለ።

«ሰሊጡ ካልታረመ ልጅቱ በምን ትሄዳለች? አውርጂው አልኩ!»

በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድኩት። ገመዱ ዳግመኛ ይጠቅማል ብዬ ቋጠሮውን ልፈታ ስታገል «ቢላ አምጪና ቁረጪው» አለችኝ። እናቴ ክር የማትጥል ሴት ናት። ትኩሳቱ ነው አልኩና ቆረጥኩት።

ከዚያ በኋላ እጄ ብቻ ነበር የሚሠራው። ጭስ እየበላኝ ሰሊጡን ቆላሁ፤ ከዚያ ማታ ግብዣ እሳት የነካው እሱ ብቻ ነው። ትልቁ ወንድሜ በሙቀጫ ወቀጠው። ዘይቱ ወጥቶ ሲጣበቅ ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ ጨው፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨመርኩበት። ድርቆሹን በትልቁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገለበጥኩት። ደረቅ ድርቆሽ ሲገለበጥ ድምፅ አለው። የሰሊጡን ውኃ ሳፈስበት ድምፁ ጠፋ፤ ቶሎ ጠጣው፣ አበጠ፣ ሳፋው ሞላ። ስልጆውን በጎን አወጣሁ። ሃያ ሰው የሚያጠግብ ምግብ ድስት ሳይጣድ ደረሰ። እያለቀስኩ ነበር የማማስለው፤ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም፤ ሁሉም ያውቃል።

ሲመሽ መጡ። ዝናቡ አባርቷል። ሙስሊሞቹ አዛኑን ሰምተው በውኃና በተምር አፈጠሩ፤ ክርስቲያኖቹ አማትበው ቀረቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥጋ ስላለ ገበታው ይለያል። ያን ማታ በጾሙ ምክንያት የሚለያየን ምግብ አልነበረምና ሁሉም ሳፋውን ከቦ ተቀመጠ። ምኒችል አንድ ጊዜ ጎርሶ «ኧረ ይህስ የቤተ መንግሥት ነው!» አለ። አባቴ ቀና አለ፤ ደቦው መሳካቱ ነው።

እትዬ ከልቱም ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሳ እጇን አቆመች። ከሳፋው ዳር ያልራሰ አንድ ቁራጭ አነሳች፤ ወደ ኩራዙ አስጠግታ አየችው፤ ሰበረችው፤ አሸተተችው።

«ይህ የትራፊ አይደለም» አለች። «ትራፊ ቢሆን አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ፣ አንዱ ኮምጣጣ ይሆን ነበር። ይህ ሁሉም አንድ ነው። ይህ የመንገድ እንጀራ ነው።»

ቀና ብላ መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን።

«የማን መንገድ ነው የምንበላው?»

እጅ ሁሉ ቆመ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ጮኸች። «ብሉ! መንገዱ ከማሳው ይወጣል። የቀረውን ታርሙልን የለ፣ ይበቃል!»

ከልቱም ቁራጩን ሳፋው ዳር መልሳ አኖረችው። ሁሉም እሷን ይጠብቃል። «ተማም፣ እሺ» አለች ኋላ። «እንበላለን። ግን አባቴ ነጋዴ ነበር፤ ገላባትና ጎንደር ሲመላለስ ነው ያረጀው። የተጓዥ ስንቅ በግብዣ አይበላም ይል ነበር። በብድር ነው። የበላ ሰው ተጓዡ ሳይነሳ ይመልሳል። ካልመለሰ መንገዱ ለሁለቱም አይቀናም።» ይህን ብላ እጅጌዋን ሰበሰበችና «በሉ፣ ያላ! ተበዳሪ ከሆንን አይቀር ጠግበን እንበደር» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳፋው ተጠርጎ ተበላ። ከጆንያው ሥር አንድ እፍኝ እንኳ አልቀረም።

በሳምንቱ ሁሉም ተመልሰው የቀረውን ማሳ አረሙ። አባቴ በዚያን ቀን ሲመሽ ምግቡን በአህያ ጭኖ ራሱ ማሳ ድረስ ወሰደው። ሰሊጡ ቀና ብሎ ነጭ አበባውን አወጣ። ያን ዓመት ከሁሉም ማሳ የእኛ ያምር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መስከረም ጠባ፤ ፀሐይ ወጣች። እናቴም ዳነች፤ ውኃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። የእኔን ስንቅ ግን አላነሳችም። እኔም አልጠየቅኋት፤ ገና ደከም ስላለች ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ አንድ ቀን ወደ እኔ ሳያይ «ዘንድሮ ይለፍሽ ይሆናል» አለ። እናቴም «ዓመት ሩቅ አይደለም» አለች። የትምህርት ቤት ልብሴን አጣጥፌ ከሣጥኑ ሥር አደረግኩት። የተሰማኝን በደንብ አስታውሳለሁ። ንዴት አልነበረም፤ በሩ ፊቴ ላይ በቀስታ የተዘጋብኝ መሰለኝ።

መጀመሪያ የመጣችው ከልቱም ናት። ክስራ አድርቃ በነጠላ ቋጥራ አመጣች፤ የሱዳኖች የማሽላ እንጀራ ነው፣ ስስ ከመሆኑ የተነሳ በወዲያኛው በኩል ሰው ያሳያል። «የበላሁትን» ብላ አስቀምጣ ሄደች። በማግስቱ ሌላዋ ጎረቤት መጣች፤ ከዚያ ሌላዋ። አንዷ ቀይ ማሽላ፣ አንዷ ነጭ። አንዲት የወሎ ሴት ወፍራም አድርጋ፤ ቤቷ ፀሐይ የማያገኘው ሌላዋ ደግሞ ከምድጃዋ በላይ ባለው ቆጥ አድርቃ ጭስ ጭስ እያለ። ምኒችል ባዶ እጁን አልመጣም። «እኔማ እንጀራ የሚጋግርልኝ የለኝ። ጥርስሽ ከቻለ ይኸውልሽ» ብሎ አንድ ቁና የሽምብራ ቆሎ ሰጠኝ። እናቴ እያንዳንዱን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ወደ ጆንያው ትጨምራለች። ፊቷ ግን አይፈታም። ስላፈረች ነው ብዬ አዘንኩላት።

ጆንያው ከበፊቱ ይልቅ ሞላ። አዲስ ገመድ ገዝቶ ያሰረው አባቴ ነው። በጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያው ጋር፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጌ፣ ጭቃ ውስጥ ስንወርድና ስንወጣ ጎንደር ገባሁ። ዓመቱን ሙሉ ያን ድርቆሽ በላሁ። የማንን ቤት እንደምበላ በአፌ አውቀው ነበር። የከልቱም ወዲያው ስለሚርስ ለፈተና ጠዋት፤ የወሎዋ ጠንካራ ስለሆነ ለእሑድ፤ ጭስ የሚለው ደግሞ ቤቴ የናፈቀኝ ዕለት። ቆሎው ታኅሣሥ ሳይደርስ አለቀ፤ ምኒችልን እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ተማርኩ፤ አስተማሪ ሆንኩ፤ ጎንደር አግብቼ ቀረሁ። እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀመጠች። አንድ ክረምት ልጆቼ ትንንሽ ሆነው፣ እኔ እንጀራ አልቆብኝ ድርቆሽ ሳርስላቸው፣ ለጨዋታ ያህል «እማዬ፣ ያን ጊዜ ለማሳው ስትይ ስንቄን ያስበላሽው ትዝ ይልሻል?» አልኳት። ምስር ትለቅም ነበር። እጇን ሳታቆም መለሰችልኝ።

«ለማሳው አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ዱቄት ከከልቱም ብበደር ገንፎ ለሁሉም ይበቃ ነበር። ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው?» አለች። ጠጠር አግኝታ ወረወረች። «እንዳትሄጂብኝ ነው። ወባው ሲያንዘፈዝፈኝ አንቺ ነሽ ውኃ የምታቀብይኝ። ቀና ስል ጆንያው ከላይ ተንጠልጥሏል። ባየሁት ቁጥር የምትሄጂበት ቀን ይታየኛል። ሲበላልኝ አረፍኩ።»

«እነሱ ግን መልሰው ሞሉት» አልኳት።

«ሞሉታ! ከልቱምን እኮ ዓመት ሙሉ ደህና ሰላምታ አልሰጠኋትም» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

አልተቀየምኳትም። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገባኝ። በዚያ መስከረም ከልቱም ክስራዋን ይዛ ስትገባ፣ እናቴ አንዲት ቃል ብቻ ብትነግረኝ ኖሮ፣ «ልጄ፣ አትሂጂብኝ» ብትለኝ፣ እቀር ነበር። ይህን ታውቀዋለች። የመጣውን ሁሉ ተቀብላ ጆንያው ውስጥ እየጨመረች ዝም አለች።

እናቴ ዛሬ የለችም። ድርቆሹን ከሱቁ ሳልገዛው ወጣሁና ለልጄ ደወልኩላት። ሰሊጡን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ እንዴት እንደምታፈስበት ነገርኳት። «ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» አለችኝ። «ወዲያው ይደርሳል» አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም፤ በስልክ የሚነገር አይደለም። እናቴ ያንን ድርቆሽ በሚያዝያ ፀሐይ ስስ አድርጋ ስታደርቀው እንድሄድላት ነበር። በነሐሴ ቢላ አምጪ ስትለኝ እንድቀርላት ነበር። በሁለቱም ጊዜ ከልቧ ነበር።